ካሞፍላጅ ጠርዙ ላይ ነው

ሞዴል አውሮፕላን ላይ ካሞፍላጅ፣ ማለትም ከአካባቢው ጋር የሚያመሳስለውን ቀለም፣ መቀባት ማለት ከለር መምረጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ትክክለኛውን አረንጓዴ ካገኘህ ሥራው አለቀ ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሞዴሉን አይቶ «ይሄማ እውነተኛ ይመስላል» ወይም «መጫወቻ ነው» የሚያሰኘው ከለሩ ሳይሆን ሁለቱ ከለሮች የሚገናኙበት ጠርዝ ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው በ1/72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ፣ የተሠራ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ነው። ለምን ኤፍ-5 ለሚለኝ መልሱ አጭር ነው፦ የእኛም አውሮፕላን ነበር። ኤፍ-5ኤ ወደ ደብረ ዘይት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በኋላ የመጣው ኤፍ-5ኢ ደግሞ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከሶማሊያ ሚግ-21 ጄቶች ጋር ሰማይ ላይ ገጥሞ ጥሏል። የእነዚያን አብራሪዎች ወሬ እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ አውሮፕላን ከሌላው ሁሉ ይለያል።

ይሄኛው ግን የአሜሪካኖቹ ኤፍ-5ሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 «ስኮሺ ታይገር» በሚል ስም 12 አውሮፕላኖች ለሙከራ ቬትናም ተልከው ነበር፤ ከእነሱ አንዱን ነው የምሠራው። ከላይ አንድ የአሸዋ ከለርና ሁለት ዓይነት አረንጓዴ፣ ሆዱ ነጣ ያለ ግራጫ። በአሜሪካ መደበኛ የቀለም ቁጥር የላዮቹ 30219፣ 34102 እና 34079 ናቸው፤ ሆዱ 36622።

ሆዱ ለምን ነጣ? ብርሃን ከላይ ስለሚመጣ ሆድ ሁልጊዜ ጥላ ነው፣ ከታች ለሚያየው ይጠቁራል። ነጣ ያለ ቀለም ጥላውን ያካክሰዋል። አቦት ታየር የሚባል አሜሪካዊ ሰዓሊ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1896 ስለ እንስሳት ጽፎታል። አዋሽ ፓርክ ሄዳችሁ የሜዳ ፍየሏን እዩአት፣ ጀርባዋ ቡናማ ነው፣ ሆዷ ነጭ።

የላዩ ከለር ደግሞ የመሬቱ ነው። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከበረንዳዬ የረር ተራራና ማሳው ይታየኛል። ሐምሌ ላይ የታረሰው መሬት ጥቁር ነው። መስከረም ሲጠባ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል፣ ኅዳር ላይ ጤፉ ይቢጫል፣ ከጥር በኋላ የቀረው ገለባና አቧራ ነው። አንድ አውሮፕላን ለዚህ ሁሉ የሚሆን ቀለም ሊኖረው አይችልም። ለቬትናም የተቀባው አረንጓዴ የካቲት ላይ የረር ሥር ቢቆም ከሩቅ ይጮሃል። ስለዚህ ሞዴል ስትቀቡ መጀመሪያ «ይሄ አውሮፕላን የበረረው የት አገር ላይ ነው?» በሉ፣ የጠርሙሱ ቁጥር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ወደ ጠርዙ ልመለስ። ትልቁን አውሮፕላን የሚቀባው ሰው በስፕሬይ ሲነፋ፣ በሁለቱ ከለሮች መሃል የደበዘዘ ድንበር ይቀራል። 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል። ለ72 ስታካፍሉት 1 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አውሮፕላኑ ራሱ እኮ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው! በፕላስተር ሸፍናችሁ ብትነፉ ድንበሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። በእጅ ዝም ብላችሁ ብትነፉ ደግሞ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይደበዝዛል፣ ያ ደግሞ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ሠላሳ ምናምን ሴንቲ ሜትር ነው፣ ይሄ ጄት እንደዚያ አልተቀባም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ግድግዳ ላይ ወረቀት የሚለጠፍበት፣ እንደ ማስቲካ የሚሳብ ማጣበቂያ አለ። እሱን በጣቴ አድቦልቡዬ ቀጭን ገመድ አደርገውና የጠርዙን መስመር ተከትዬ አስቀምጠዋለሁ። ጠፍጥፌ አልጫነውም፣ ክብ ሆኖ ይቀመጥ። ከገመዱ ወዲያ ያለውን በወረቀት ፕላስተር እሸፍናለሁ። ከዚያ ኤርብረሹን (ቀለም በአየር የሚነፋውን ትንሽ መሣሪያ) ቀጥ አድርጌ ከላይ ወደ ታች እነፋለሁ። የገመዱ ጎን ክብ ስለሆነ ቀለሙ ከሥሩ ትንሽ ሾልኮ ይገባል፣ የምንፈልገው 1 ሚሊ ሜትር ያ ነው። ኤርብረሹን ወደ ገመዱ ካዘነበላችሁት ድንበሩ ይሰፋል፣ ከገመዱ ወደ ውጭ ካዞራችሁት ይጠብባል። የምጀምረው ከሆዱ ግራጫ ነው፣ ከዚያ አሸዋው፣ ከዚያ ነጣ ያለው አረንጓዴ፣ ጥቁሩ አረንጓዴ መጨረሻ።

እጄን ያስተካከለልኝ ሰፈራችን ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚቀቡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ፣ ስነፋ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ለምንድነው ቀለሙ የሚወፍርብኝ?» አልኳቸው። «እጅህ ቆሞ ነው የምትለቀው ልጄ። መጀመሪያ እጅህ ይሂድ፣ ከዚያ ልቀቅ፤ ስታቆምም ቀለሙን ዝጋና ነው እጅህ የሚቆመው» አሉኝ። መኪናም ይሁን ሞዴል ሕጉ ያው ነው።

ቀለሙን በደንብ አቅጥኑት። አንዴ ወፍራም ከመቀባት ሦስቴ ስስ መንፋት ይሻላል። የአየሩን ግፊት ከ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አላሳልፍም። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፣ በጋ ላይ አየሩም ደረቅ ስለሆነ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥነው ቀለም) የኤርብረሹ መርፌ ጫፍ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ማድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ (ማዘግያ) ጠብ አድርጉበት። ከውጭ ቀለም ለሚያስመጣ ደግሞ፦ በውሃ የሚቀጥነውን አስመጡ። ቲነር ያለበት ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ሻንጣ አይገባም።

አቧራው የዚህ ሰፈር ዋና ጠላት ነው። በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ መስኮት ብትዘጉም ይገባል። ስለዚህ በማለዳ ነው የምቀባው፣ ወለሉ ላይ ውሃ ረጭቼ። ቀብቼ ስጨርስ ሞዴሉን ወዲያው በፕላስቲክ ሳጥን እከድነዋለሁ።

የቀረው ቀላል ነው። ከምልክቶቹ በፊት የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ፤ ሻካራ ቀለም ላይ የተለጠፈ ዲካል (የምልክቱ ስስ ተለጣፊ) ሥሩ አየር ይይዝና ብርማ ሆኖ ይታያል። መጨረሻ ላይ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ።

ቀጣዩ የእኛው ኤፍ-5ኢ ነው። በቤታችሁ አልበም ውስጥ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ደብረ ዘይት አውሮፕላኑ አጠገብ የተነሳው ባለ ከለር ፎቶ ካለ፣ እባካችሁ አሳዩኝ። ሰውየው ክንፉን ተደግፎ የቆመበት ከሆነ በጣም ጥሩ፣ ጠርዙ በቅርብ የሚታየው እዚያ ነው።