ከቤርጋሞ እስከ ቬኒስ በበቆሎ ዱቄት መንገድ

በሰሜን ጣሊያን፣ ቤርጋሞ ላይ፣ በግንብ በተከበበችው የላይኛዋ ከተማ፣ በኬክ ቤቶቹ መስኮት ቢጫ ጉልላት ተደርድሮ አየሁ። ገንፎ በሳህን ተገልብጦ የቀረበ ይመስላል፤ አናቱ ላይ ከቸኮላት የተሠሩ ትንንሽ ወፎች ተቀምጠዋል። ስሙ ፖሌንታ ኤ ኦዜይ፣ ማለትም የበቆሎ ገንፎና ወፎች፣ ነው። በቆሎ ፈልጎ የሚገዛው ሰው ይሸወዳል፦ ውስጡ ስፖንጅ ኬክና ክሬም፣ ቢጫው ሽፋን ደግሞ ማርዚፓን፣ ማለትም የአልሞንድና የስኳር ሊጥ፣ ነው። እውነተኛው በቆሎ ያለው ከመስኮቱ ጀርባ፣ ድስቱ ውስጥ ነው።

በሰሜን ጣሊያን የበቆሎ ዱቄት ከመገዛቱ በፊት ለምን እንደሚፈለግ መታወቅ አለበት፤ አፈጫጨቱ ይለያያልና። ብራማታ ሻካራው ነው፣ በጣት ሲታሽ እንደ ደቃቅ ቅንጬ ይቆረቁራል። ፊዮሬቶ የላመው ነው። ፉሜቶ ከሁሉም የደቀቀው፣ ለኬክና ለብስኩት የሚሆነው ነው። በዚህ መንገድ ላይ ካየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚሁ ነው፦ በብራማታ የተጋገረ ኬክ ጥርስ ላይ አሸዋ ይሆናል፣ በፉሜቶ የተሠራ ፖሌንታ ደግሞ እንደ ሙጫ ይለጠፋል።

ፖሌንታ በአጭሩ የበቆሎ ገንፎ ነው። የእኛን ገንፎ የለመደ እጅ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሳሳታል። አንደኛው ጊዜው ነው። እኛ የገብሱን ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ቆልተን ስለምናስፈጭ ቶሎ ይበስላል። ብራማታ ጥሬ ነው፤ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይፈልጋል። በ10 ደቂቃ ይወፍርና የደረሰ ይመስላል፤ ሲቀመስ ግን ጥሬ ጥሬ ይላል። ሁለተኛው ውሃው ነው። እንደ ገንፎ አጥብቀው ከጀመሩት፣ ፍሬው ውሃ መጥጦ ሳያብጥ ድስቱ ይደርቃል።

ልኩ ለ1 ሊትር ውሃ 250 ግራም ብራማታና 10 ግራም ገደማ ጨው ነው። ውሃው ሊፈላ ሲል፣ ከሥሩ ትንንሽ አረፋ መልቀቅ ሲጀምር፣ ዱቄቱ ከእፍኝ እንደ ካፊያ ይነሰነሳል፤ ሌላው እጅ ማማሰሉን አያቋርጥም። በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ የክምሩ ውጪ በሙቀቱ ወዲያው አብጦ ይያያዛል፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ታሽጎ ይቀራል። እንዲህ ከጓጎለ በኋላ ጓሉን ከድስቱ ግድግዳ ጋር አንድ በአንድ ከመጨፍለቅ ሌላ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ እጁን የማያምን ሰው ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ቢጀምር ይሻለዋል፤ እኔ ነውር አይታየኝም። ከወፈረ በኋላ እሳቱ ይቀነሳል። እንፋሎቱ ከሥር እየፈነዳ ትኩስ ፖሌንታ ይረጫል፣ ክንድም ያቃጥላል፤ ማማሰያው ረጅም የሆነው ለዚህ ነው። ከደረቀ የሚጨመረው የፈላ ውሃ ነው፣ በጭልፋ። ቀዝቃዛ ከተጨመረ ግን መፍላቱ ይቋረጣል።

ድስቱ ፓዮሎ ይባላል፤ ውስጡ ያልተለበጠ የመዳብ ድስት ነው። የሚታጠበው በጨውና በኮምጣጤ ሲሆን ምግብ አያድርበትም። ፖሌንታው ከግድግዳው መላቀቅ ሲጀምር ጣውላ ላይ ይገለበጣል፣ ጥቂት ይረጋል፣ ከዚያ በክር ይቆረጣል። ክሩ ከሥር ገብቶ ወደ ላይ ይሳባል። ቢላ ይዞ ይጎትተዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ይህ ምግብ መጥፎ ዘመንም አለው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የዚህ አገር ድሃ ገበሬ ከፖሌንታ በቀር እምብዛም ስላልነበረው ፔላግራ የተባለ በሽታ ቆዳውን ያሻክረው፣ አእምሮውንም ይነካው ነበር። ስሙን በ1771 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያወጣው ፍራንቼስኮ ፍራፖሊ የተባለ የሚላኖ ሐኪም ነው። በሽታውን የሚያመጣው ናያሲን የተባለ ቫይታሚን እጥረት ነው፤ በበቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን ታስሮ ስለሚገኝ ሰውነት በቀላሉ አያገኘውም። ሜክሲኮዎች በቆሎውን ከኖራ ጋር ቀቅለው ይፈቱት ነበር፤ እህሉ ውቅያኖስ ሲሻገር ይህ ብልሃት አብሮት አልመጣም።

ከኮሞ ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቫልቴሊና ሸለቆ ስታጠፍ ድስቱ ጠቆረ። ፖሌንታ ታራኛ ነው። የበቆሎውን ዱቄት ግራኖ ሳራቼኖ ከሚሉት ጥቁር እህል ዱቄት ጋር ይቀላቅሉታል። 300 ግራም ጥቁሩ፣ 200 ግራም በቆሎው፣ 2 ሊትር ውሃ፣ 150 ግራም ቅቤ፣ 300 ግራም ፎርማጆ፤ የአካባቢው ፎርማጆ ካዜራ ይባላል። አንድ ሰዓት ያህል ይማሰላል። ቅቤው ሊወርድ 10 ደቂቃ ሲቀረው ይገባል። ፎርማጆው በትንንሹ ተቆርጦ በመጨረሻ ይጨመርና ገና ክር እየሳበ ሳለ ድስቱ ይወርዳል። ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ እሳት ላይ ከቆየ ዘይቱ ይለያል፣ የቀረው እንደ ጎማ ይሆናል። ጨው ሲጨመር እጅ ይያዝ፤ ፎርማጆው የራሱን ይዞ ይመጣል።

ማንቶቫ ላይ ድስቱ ቀረና መጋገሪያው መጣ። ዝብሪዞሎና ፍርፋሪ ኬክ ነው፣ ልኩም ለማስታወስ ቀላል ነው፦ የበቆሎ ዱቄት፣ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ ከነልጣጩ የተከተፈ አልሞንድና ቅቤ፣ እያንዳንዱ 200 ግራም። በዚያ ላይ 2 የእንቁላል አስኳልና የተፈቀፈቀ የሎሚ ልጣጭ። የድሮዎቹ ከቅቤው ግማሹን በአሳማ ሞራ ይተኩታል። ቅቤው ቀዝቃዛ ይሁን፤ በጣት ጫፍ እየታሸ ፍርፋሪ ብቻ ይደረጋል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያበላሸው፦ እጅ ሊጥ ካላየ አያርፍም። ከተለወሰ ግን የስንዴው ሊጥ ይጠነክራል፣ ቅቤው ይቀልጣል፣ የሚወጣውም ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። 26 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መጋገሪያ ላይ ሳይጫን ይበተናል፤ በ180 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል፣ ዳሩ ቡኒ እስኪሆን። በቢላ አይቆረጥም፣ በእጅ ይሰበራል።

ቬኒስ ስደርስ ፖሌንታው ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ቢያንኮፔርላ የተባለ ነጭ በቆሎ ነው፤ ጣዕሙ ለስለስ ስለሚል የባሕር ምግብን አይጋፋም። ስኪዬ በሚሏቸው ትንንሽ የባሕር ዳርቻ ሽሪምፖች ሥር ቀጭን ሆኖ ይፈስሳል፤ ለዚህ ውሃው የዱቄቱን 5 ወይም 6 እጥፍ ይሆናል። ለሻይ የሚቀርበው ግን ቢጫው ነው። ዛሌቲ የሚባለው ብስኩት ስሙን ያገኘው ከቢጫነቱ ነው፦ 250 ግራም ፊዮሬቶ፣ 200 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 150 ግራም ቅቤ፣ 120 ግራም ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ ግራፓ በሚሉት የወይን አረቄ የራሰ 100 ግራም ዘቢብ። ዘቢቡ ተጨምቆ ካልገባ ሊጡን ያረጥበዋል፣ ብስኩቱም ይተኛል። እንደ አልማዝ ቅርጽ ይደረግና በ180 ዲግሪ 15 ደቂቃ ይጋገራል። ከመጋገሪያው ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር አይመለስ።

የተረፈ ነጭ ፖሌንታ አይጣልም። አድሮ ሲረጋ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ይቆረጣል፣ በጨርቅ ይደርቃል፣ በጋለ ብረት ላይ ይቀመጣል፤ ላዩ ላይ እንደ ክሬም የተመታ ባካላ፣ ማለትም የደረቀ ዓሣ፣ ይደረግበታል። ቶሎ ለመገልበጥ የቸኮለ ሰው ቅርፊቱን ብረቱ ላይ ትቶት ይነሳል። ሲበቃው ራሱ ይለቃል።