ከእጆቿ የተማርኩት

ባለፈው ቅዳሜ በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ቅዱሳት ሥዕላት በተሰቀሉበት ፎቅ፣ በአንድ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ማለትም እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በምትታይበት ሥዕል፣ ፊት ቆምኩ። መግለጫውን ሳላነብ ረዘም ላለ ጊዜ ካየሁት በኋላ በደብተሬ «15ኛው መቶ ዘመን» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ መግለጫውን አነበብኩ። ልክ ነበርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሙዚየም ሙዚየም ስዞር እንዲህ ያለ ደስታ አላገኘሁም። ደረጃውን ስወርድ በር ላይ ለነበሩት ሠራተኛ ልነግራቸው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

ነገር ግን ከዚያ ቅዳሜ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በዚሁ ዕውቀቴ ተማምኜ አክስቴን አሳስቻለሁ፤ ገንዘባቸውንም አስወጥቻለሁ። ደስታዬን ብቻ ብነግራችሁ ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

አጀማመሬ የብዙ ሰው ነው። ከውጭ የመጣች የአጎቴን ልጅ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድኳት፤ ድንቅነሽን አየን። በመስታወት ውስጥ የሚታየው ቅጂ መሆኑን፣ ዋናው አጽም ተጠብቆ እንደሚቀመጥ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እሷ ተመልሳ ሄደች፤ እኔ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እግሬ ወደዚያው ይመራኝ ጀመር። የመጀመሪያው ዓመት ሩጫ ነበር። ጠዋት እንጦጦ ማርያም የዐፄ ምኒልክን ዘመን አልባሳት አይቼ፣ ከሰዓት በኋላ አራዳ ጊዮርጊስ ሙዚየም እደርሳለሁ፤ ማታ ዓይኔን ስጨፍን ግን አንድም ዕቃ ጥርት ብሎ አይመጣልኝም። ስልኬ በፎቶ ተሞልቶ ነበር፤ አንዱንም ተመልሼ አላየሁትም።

ያዳነኝ መስመር የሌለው ትንሽ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። ሥዕል አልችልም፤ ለመቻልም አይደለም የያዝኩት። የሰውን እጅ ለመሣል ስትሞክሩ ስንት ጣት እንደተዘረጋ፣ አውራ ጣቱ በየት በኩል እንደሆነ መቁጠር ግድ ይሆንባችኋል። ዓይን ያለ ሥራ ሲቀር ይዘላል፤ እርሳስ ሲይዝ ግን ይቆማል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ አቋሜ የጸና ነው፦ ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡት። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑ ተነግሮኝ፣ ዲያቆኑ ፊታቸውን ባዞሩበት ቅጽበት ተደብቄ አንስቻለሁ። ያነሳሁት የደበዘዘ ነገር ነበር፤ አጠፋሁት፤ ኀፍረቱ ግን አሁንም አለ። ያን ጊዜ ክልከላው የጎዳኝ እንጂ የጠቀመኝ አልመሰለኝም፤ ዛሬ ክልከላው ለተመልካቹም መልካም ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ዘመናዊ ሥዕል ብዙ አልናገርም፤ ገና ተማሪ ነኝ። የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበትን ዐውደ ርእይ እወደዋለሁ፤ ወጣቱ ከሥራው አጠገብ ስለሚቆም «ይህን ቀለም ለምን መረጥክ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የዐውደ ርእይ መክፈቻ ምሽት ግን አትሂዱ። ሰው ሰውን ያያል፤ ሥዕሉን የሚያየው የለም። ሥዕል ለማየት ከሆነ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ብቻችሁን ሂዱ። በገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ረቂቅ ሥዕሎች ፊት ስቆም ምን ብዬ እንደምጀምር አሁንም ይጨንቀኛል፤ እርሳሴም እዚያ እንደ ሌላው ቦታ አይታዘዘኝም። እስካሁን ያገኘሁት ዘዴ ቀለሞቹን በስማቸው እየጠሩ መጻፍ ብቻ ነው።

ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል አላንቀሳቅስ ያለኝ ግን የእመቤታችን ሥዕል ነው። ምስለ ፍቁር ወልዳዎቹ ሁሉ አንድ ሆኑብኝ። መጎናጸፊያዋ፣ የታቀፈችው ልጇ፣ ግራና ቀኝ የቆሙት ሚካኤልና ገብርኤል። መግለጫው አንዱን የ15ኛው፣ ሌላውን የ18ኛው መቶ ዘመን ይለዋል፤ እኔ ግን የሦስት መቶ ዓመቱ ልዩነት አይታየኝም። ዓይኖቹን አነጻጸርኩ። ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን ሆነው በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ አውቃለሁ፤ ይህ ግን ይሁዳን ከጴጥሮስ ለመለየት እንጂ ዘመን ለመለየት አይረዳም። ቀለሙን አነጻጸርኩ፤ የጧፍና የዕጣን ጢስ ሁሉንም አጥቁሮታል። ተስፋ ቆርጬ ለሁለት ወር ያህል ወደዚያ ፎቅ ሳልወጣ ቀረሁ።

ተመልሼ በሄድኩበት ቀን አንዷን ልሥል ተቀመጥኩ፤ እጆቿ አልሣልልህ አሉኝ። ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። በአራተኛው ነው የገባኝ፦ ቀኝ እጇ በግራ እጇ ላይ ተሻግሯል፤ ከቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ወደ ታች ተዘርግተዋል፤ በግራ እጇ ጣቶች መካከል ደግሞ መሐረብ አለ። ልጇ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። ወደሚቀጥለው ሥዕል ሄድኩ፤ እጆቹ ያው ናቸው። ወደ ሦስተኛው ሄድኩ፤ እዚያም ያው ነው። ወደ አራተኛው ስደርስ ግን መሐረብ የለም፤ የተሻገረ እጅም የለም። ረጃጅም ቀጫጭን ጣቶች ለልጇ አበባ ያቀርባሉ። ያን ዕለት ሌላ ምንም ሳላይ፣ ሁለት ዓይነት እጆች በደብተሬ ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። (ዘመኖቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት፣ የእመቤታችንን ክብር በአዋጅ አጸኑ፤ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አደረጉ፤ በእንጨት ገበታ ላይ የሚሣለው ሥዕሏም በዘመናቸው በዛ። በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ስሙ የሚገኘው ፍሬ ጽዮን የዚያ ዘመን ሠዓሊ ነው። ረጃጅሙ ጣትና አበባው የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ነው። የተሻገሩት እጆች ግን ከሩቅ የመጡ ናቸው። ሮም በሚገኘው በታላቁ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለው ጥንታዊ ሥዕል ቅጂ ወደ ሀገራችን የገባው በኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በኩል ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 ነግሠው ብዙም ሳይቆዩ ሚሲዮናውያኑን አስወጡ። ሥዕሉ ግን አልወጣም። የእኛ ሠዓሊዎች የሚካኤልንና የገብርኤልን ክንፍ ዘርግተውለት፣ ፊቷን በእኛ ሴቶች መልክ ሠርተው፣ የራሳቸው አደረጉት። ሰዎቹ ተባርረው ያመጡት የእጅ አቀማመጥ እዚሁ መቅረቱን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። በ18ኛው መቶ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ፣ ሌላ ለውጥ ይመጣል፦ ጉንጭ በጥላ ይሞላል፣ ልብሱ አበባ በአበባ ይሆናል፣ ከበስተኋላ ያለው ቢጫ ወደ ቀይ ይነጉዳል። በጣና ናርጋ ሥላሴ እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል።

እንግዲህ ሕግ አገኘሁ ብዬ ነበር። አበባ ከሆነ ጥንት፣ የተሻገሩ እጆች ከሆኑ ከዚያ ወዲህ፣ ጥላና አበባማ ልብስ ከሆነ የምንትዋብ ዘመን።

አክስቴ ለቤታቸው ሥዕል መግዛት እንደሚፈልጉ ሲነግሩኝ ደስ ብሎኝ አብሬያቸው ሄድኩ። አንድ ሱቅ ውስጥ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ባለሁለት ገጽ ሥዕል ወጣልን። በጢስ ጠቁሯል። በቀኙ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፤ በግራው እመቤታችን። እጆቿ ተሻግረዋል፤ መሐረቡ አለ፤ ጉንጯ ጥላ አለው፤ ልብሱ አበባ ነው። ባለ ሱቁ «የቆየ ነው» ከማለት ሌላ አልተናገሩም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። በአክስቴ ጆሮ «የጎንደር ሥራ ነው፤ 250 ዓመት አያንሰውም» አልኳቸው። የዕቁባቸውን ገንዘብ ሰጡ።

ከሳምንታት በኋላ ሥዕል የሚያድስ አንድ የማውቀው ሰው ቤታቸው መጣ። ፊት ለፊቱን ብዙም አላየውም። ገለበጠው። ጥጥ በውኃ ነክሮ የእንጨቱን ጀርባ ጠረገ፤ ጥላሸቱ በጥጡ ወጣና ከሥሩ ገና ያልጠቆረ እንጨት ታየ። ከዚያ ሁለቱን ገጾች የሚያያይዘው ገመድ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች በጣቱ ነካ። ለትውልድ ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረ ሥዕል ቀዳዳው በገመዱ ተበልቶ ይለሰልሳል፤ የእኛው ጠርዙ ስለታም ነበር። «ሠዓሊው ጎበዝ ነው፤ ግን በሕይወት ያለ ሰው ይመስለኛል» አለኝ።

የሳትኩት የት እንደሆነ ለመረዳት ቀናት ወሰደብኝ። የተሻገሩት እጆች ሥዕሉ ከመቼ በፊት እንዳልተሠራ ይናገራሉ። ከመቼ በኋላ እንዳልተሠራ ግን አይናገሩም። አንድ ጊዜ የተወደደ መልክ ለአራት መቶ ዓመት ይደገማል፤ ትናንትም ተደግሟል። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ሥዕሉ በእርግጥ 250 ዓመት ቢሆነው ኖሮ፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሱቅ ገባ ብዬ አልጠየቅኩም። ዕድሜውን ለማወቅ ስጓጓ ባለቤቱን ረሳሁ። ይህ ከገንዘቡ ይልቅ ያሳፍረኛል።

አሁን እንዴት እንደማይ ልንገራችሁ። በአንድ ቀን ከሦስት በላይ ሥዕል አላይም። መጀመሪያ እሥላለሁ፣ ከዚያ ግምቴን እጽፋለሁ፣ መግለጫውን የማነበው በመጨረሻ ነው። በግምቴ አጠገብ «ከ… ወዲህ» እላለሁ እንጂ «የ… ነው» ለማለት አልደፍርም፤ ያለፈው ቅዳሜ ካልተቆጠረ በቀር። በቤተ ክርስቲያን ሙዚየሞች ደግሞ ስንት ዓመቱ ነው ብሎ መጠየቅ ትቻለሁ፤ «ምን ይሠራበታል?» እላለሁ። አንድ አገልጋይ ይህን ስጠይቃቸው ከመጾር መስቀል (በረጅም እንጨት ላይ ተሰክቶ ከሚያዘው መስቀል) ግርጌ ባሉት ቀለበቶች ጨርቁ እንዴት እንደሚታሰር በእጃቸው አሳዩኝ። መስቀሉን በክብረ በዓል ላይ ስንት ጊዜ አይቼው ነበር፤ ቀለበቶቹን ግን ጌጥ ይመስሉኝ ነበር። ከመግለጫ ሰሌዳ ይልቅ የሚያገለግልበትን ሰው እመኑ፤ ሰሌዳውንም ግን አንብቡ።

ለአክስቴ እውነቱን ለመናገር ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ስነግራቸው ዝም ብለው ሥዕሉን ሲያዩ ቆዩና «ሠዓሊው ጾሞ ነው የሣለው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሥዕሉን አላወረዱትም፤ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቆመው ይጸልያሉ።

የመጪው ቅዳሜ ስድስት ኪሎ አብረን እንሄዳለን። ደረጃው ለጉልበታቸው ስለሚከብድ ቀስ ብለን እንወጣለን። መጀመሪያ የማሳያቸው አበባ የያዘችውን ነው።