በ52 ዓመቴ ሥራ ስቀይር ያንገላታኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤ

በሒሳብ ሙያ ቆይታችሁ ከ45 ዓመት በኋላ ሥራ መቀየር ካሰባችሁ፣ ማስታወቂያ ከመፈለጋችሁ በፊት የድሮ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎቻችሁን አውጥታችሁ ቃል በቃል አንብቡ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር አራት ወር ባልባከነብኝ ነበር።

ማስታወቂያ ችግር አይደለም፤ ሪፖርተርና አዲስ ዘመን አሉ፣ ኢትዮጆብስ አለ፣ የቴሌግራም ቻናሎችም ሞልተዋል። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የሚጠየቅ ከሆነ የተግባር ፈተና ስለሚኖር የአንድ ወር ግብይት መዝግባችሁ እስከ ባንክ ማስታረቂያ ድረስ ተለማመዱ። «የልደት ዘመን ደብቁ፣ የቆየ ልምድ ቁረጡ» የሚለውን የአሠልጣኞች ምክር ግን አልቀበልም። እኛ አገር የመጀመሪያው አጣሪ የሚያደርገው ዓመት መቁጠር ነው። የቆረጣችሁት ልምድ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ዕድሜያችሁ እንደሆነ መታወቂያችሁ ላይ አለ።

እኔን የጣለኝም ይኸው ቆጠራ ነው። ዲግሪዬን የያዝኩት ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሲሆን ማስረጃው ላይ የተጻፈው በፈረንጆቹ 2006 ተብሎ ነው። ቀድሞ የሠራሁበት ድርጅት በእንግሊዝኛ የጻፈልኝ ደብዳቤ ደግሞ «ከ10/02/2001 እስከ 10/02/2009» ይላል፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። አጣሪዎቹ ሁለቱንም በፈረንጅ አነበቡት። ጥቅምት 2001 ዓ.ም. የጀመርኩት ሥራ ከዲግሪዬ አምስት ዓመት ቀድሞ የተጀመረ መሰለ። ማስታወቂያው «ዲግሪ ከተያዘ በኋላ» የሚል መስፈርት ስላለው 8 ዓመት ልምዴ ሦስት እንኳ የማይሞላ ሆኖ ተቆጠረ። ሁለት ቦታ ያለምንም ማብራሪያ ወደቅኩ፤ ምክንያቱን የነገሩኝ ሦስተኛው ቦታ ናቸው።

ለማስተካከል ስመለስ «ማኅደሩ መዝገብ ቤት ገብቷል»፣ «ክሊራንስ አምጣ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» እየተባልኩ ተመላለስኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ ይህ ውለታ ሳይሆን ግዴታ መሆኑ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12፣ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። በቃል መለመን ትቼ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ አንቀጹን ጠቀስኩ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ ቅጂው ላይ ቀንና ቁጥር አስመታሁ። ደብዳቤው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በራሴም እናደዳለሁ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስቀበል ሳላነበው ፋይል ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ስለዚህ «ስትለቅ ይጻፍልሃል» ቢሏችሁ አትስሙ፤ ሥራ ላይ እያላችሁ አስጽፉ። ቀኖቹ በወር ስም ይጻፉ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው አይቅር፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ቢሆኑ ደግሞ የተሻለ ነው። ዕድገት አግኝታችሁ ከሆነ እያንዳንዱ የሥራ መደብ ከነጀመረበትና ካበቃበት ቀን ይዘርዘር፤ የመጨረሻው መደብ ብቻ ከተጻፈ በኃላፊነት የሠራችሁበት ዘመን ከየት እስከ የት እንደሆነ አይታወቅም። ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉ ይጠቀስ፤ ብዙ ማስታወቂያ ይህን ይጠይቃል፣ አዋጁ ግን ስለማይዘረዝረው እናንተ ካልጠየቃችሁ አይጻፍም። የስማችሁ አጻጻፍ ከዲግሪውና ከፋይዳ መታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። የደብዳቤ ቁጥር፣ የፈራሚው ስምና ማኅተም ሳታዩ ከቢሮው አትውጡ።

መልቀቂያ የምታስገቡት አዲሱን ውል ከፈረማችሁ በኋላ ይሁን፤ ማስጠንቀቂያው 30 ቀን ነው። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን እንደሚችልና በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መሰናበት እንዳለ አስቡበት፤ በዚህ ዕድሜ የሦስት ወር መጠባበቂያ ሳይዙ መንቀሳቀስ አይገባም እላለሁ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከእናንተ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በትክክል ገቢ መደረጉን ከመልቀቃችሁ በፊት አጣሩ፤ የደመወዝ ወረቀቶቻችሁንም አትጣሉ። ጡረታ መውጫው 60 ዓመት ስለሆነ ሳይከፈል የቀረን ወር በኋላ ሠርቶ ለማካካስ ጊዜው አጭር ነው።

አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የሥራ ልምድ አስጽፋለሁ። ጸሐፊዋ «ልትለቅ ነው?» ትለኛለች። አይደለም እላታለሁ፤ እዚያው ቆሜ ቀኖቹን አንብቤ እፈርማለሁ።