«ልጄ እኮ አማርኛውን ነው የማይችለው!»

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሚድል ስኩል የኢሶል አስተማሪ ነኝ። ኢሶል ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸው ልጆች እንግሊዝኛቸውን የሚያጠናክሩበት ትምህርት ነው። አካባቢው ሐበሻ የሞላበት ነው። እንደ አሌክሳንድሪያ ባሉ ከተሞች ትምህርት ቤቶች አማርኛ ብዙ ተማሪ ካላቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ቢሮ ስልክ ተደውሎ የሐበሻ ስም ከታየ፣ ጉዳዩ የአውቶቡስም ይሁን የምሳ፣ ወደ እኔ ይተላለፋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ትምህርት በተጀመረ ሰሞን የተላለፈችልኝ እናት ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«እህቴ፣ ይሄ ደብዳቤ በስህተት ነው የመጣው። ልጅሽ የእንግሊዝኛ ተማሪ ነው ይላል። ልጄ እኮ እዚሁ ዲሲ ነው የተወለደው! ልጄ እኮ አማርኛውን ነው የማይችለው! አባቱ የባንክ ደብዳቤ ሲመጣለት የሚያስነብበው እሱን ነው።»

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። ልጁን አውቀዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ተጫዋች፣ ኮሪደር ላይ ጓደኞቹን ሰብስቦ የአስተማሪ አነጋገር እየቀዳ ሲያስቃቸው የሚውል ልጅ። አነጋገሩን ብትሰሙት ከአሜሪካኖቹ አትለዩትም። ደብዳቤው ግን ስህተት አልነበረም። በየዓመቱ ትምህርት በተጀመረ በሠላሳ ቀን ውስጥ ለወላጅ እንዲደርስ ሕጉ ያስገድዳል።

ነገሩ የሚጀምረው ልጅ ሲመዘገብ ነው። ወላጅ የሚሞላው ፎርም ላይ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ይነገራል የሚል ጥያቄ አለ። አማርኛ ተብሎ ከተጻፈ ልጁ አጭር ፈተና ይሰጠዋል። የአምስት ዓመት ልጅ ከማያውቀው ሰው ፊት ተቀምጦ ዝም ቢል ምን ይገርማል? ካላለፈ «የእንግሊዝኛ ተማሪ» ተብሎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከመዝገቡ የሚወጣው በየዓመቱ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ የሚሰጠውን አክሰስ የሚባል ፈተና ሲያልፍ ነው። ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ ለየብቻ እስከ 6 ይመዘናሉ። የቨርጂኒያ መውጫ ያኔ በጠቅላላ ውጤት 4.4 ነበር።

መዝገቡ ስድብ አይደለም። በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሳንፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ያቀረቡትን ክስ ሲያይ፣ ቋንቋውን ለማይረዳ ልጅ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት አስተማሪ ስለሰጡት ብቻ እኩል ተስተናገደ አይባልም ብሏል። እርዳታው መብት ነው። ችግር የሚሆነው ለጥቂት ዓመት የታሰበው እርዳታ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው ነው። ካሊፎርኒያ በ2012 ለእነዚህ ልጆች በሕግ ስም አውጥታላቸዋለች፤ የረጅም ጊዜ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ይባላሉ። የፌዴራሉ የ2015 የትምህርት ሕግም በአምስት ዓመት ውስጥ ያልወጡትን ሪፖርት አድርጉ ይላል። ሪፖርት ማድረግ ሌላ ነው፣ ልጁን ማወቅ ሌላ። የኛ ትምህርት ቤት ቁጥሩን ይልካል። ሰባተኛ ክፍል ውስጥ እነማን ናቸው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን መልስ አያገኝም ነበር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጥሁና ዝርዝሩን ራሴ አወጣሁት። ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩትን ለይቼ ሳይ አብዛኞቹ እዚሁ አሜሪካ የተወለዱ ሆነው አገኘኋቸው። ሥራዬ ከውጭ ከመጡ ጥቂት ወራት ካለፋቸው ልጆች ጋር ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ሲሰማ ይደነቃል። የከረሙት ጸጥ ያሉ ናቸው። አይረብሹም፣ አይወድቁም፣ በሲና በዲ እየተንከባለሉ ያልፋሉ። እንግሊዝኛ ስለሚናገሩ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

የልጁ ፋይል ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። እስከ ሦስተኛ ክፍል ዲሲ፣ አራተኛና አምስተኛ ሜሪላንድ፣ ከዚያ ወደኛ። ቤት ኪራይ ሲጨምር ወላጆቹ ይለቃሉ፣ እሱም አብሮ ይለቃል። ደግነቱ ሦስቱም ጋ ፈተናው ያው አክሰስ ስለሆነ ውጤቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት ይቻላል። 3.6፣ 3.8፣ 3.7፣ እዚያው ነው። 2021 ባዶ ነው፤ በኮቪድ ጊዜ ትምህርቱ ከቤት ስለነበር ሳይፈተን ቀርቷል። ቁጥሩ ስላልተነቃነቀ ልጁ ምንም አልተማረም ማለት ግን አይደለም። ፈተናው ከክፍል ክፍል እየከበደ ስለሚሄድ፣ በደንብ እየተማረ ያው 3.7 ላይ የሚቆይ ልጅ አለ። እንደ ኪራዩ በሉት፤ ደሞዝ ቢጨምርም ኪራዩ አብሮ ይጨምራል።

መሐል ላይ እናትየው የፈረመችበት ወረቀት አገኘሁ። አራተኛ ክፍል ሲገባ የኢሶል አገልግሎት አልፈልግም ብላ ፈርማለች። ስትመጣ ጠየቅኋት።

«ጓደኛዬ ናት የነገረችኝ። ኢሶል የሰነፎች ክፍል ነው፣ ከገባ አይወጣም፣ እንዳትፈርሚ አለችኝ። እኔም አይሆንም ብዬ ላክሁ።»

ይህን ወሬ ያልሰማ ሐበሻ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይወራል፣ ቡና ላይ ይወራል። ወላጅ አገልግሎቱን እምቢ የማለት መብት አለው፤ ይህ እውነት ነው። እምቢ ማለት ግን ልጁን ከመዝገቡ አያወጣውም፣ ከፈተናውም አያስቀረውም። ስለዚህ ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን ተሸክሞ ያለ እርዳታ ተቀመጠ። ይሄን ለእናትየው ማንም በሚገባት መንገድ አላስረዳትም፤ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ እሷ ማታ ሆቴል ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። በእሷ አልፈርድም።

ከሁሉ በላይ ዓይኔን የያዘው ግን የ2022 ውጤት ነው። ማዳመጥ 5.6። ማንበብ 3.9። መጻፍ 3.6። መናገር 2.9።

መናገር? ይሄ ልጅ? አፉን ዝጋ ተብሎ በሳምንት ስንቴ ከክፍል የሚወጣው ልጅ በመናገር 2.9 ያመጣል?

በእረፍት ሰዓት ጠራሁት። ዊዳ፣ ማለትም ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ለልምምድ ለሁሉም የሚለቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ክሮምቡክ ከፈትሁለት፣ ማዳመጫውን ራሱ ላይ አደረገ። ሥዕል ይመጣል፣ ድምፅ ይጠይቃል፣ መልሱን ይቀዳል። ሁለት አማራጮችን አወዳድረህ የቱ እንደሚሻል አስረዳ ዓይነት ነው። ልጁ ወደ ማይኩ ጠጋ አለና «ሁለተኛው። ርካሽ ነው» ብሎ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ጨረስህ?»

«አዎ ሚስ።»

«ለእኔ ንገረኝ እስቲ። ለምንድነው የሚሻለው?»

ጀመረ። እጁን እያወናጨፈ፣ የመጀመሪያው ለምን እንደማያዋጣ፣ እሱ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ፣ አጎቱ በተመሳሳይ ነገር እንዴት እንደከሰረ ሳይቀር ነገረኝ። ደወል ባይደወል አያቆምም ነበር።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ለምን እዚያ ላይ አልተናገርክም?»

«ሚስ፣ ኮምፒውተር እኮ ነው። ማን ይሰማዋል?»

የተቀዳውን የሚሰማ ሰው አለ፣ በማዳመጫ እያዳመጠ ነጥብ የሚሰጥ እውነተኛ ሰው ነው አልሁት። «ሲሪየስሊ?» አለ። ከዚያ ፈተናው ለምን እንደሚሰጥ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ወላጆቻቸው ከውጭ የመጡ ልጆች ሁሉ በየዓመቱ የሚፈተኑት መስሎት ነበር። እስከ ሃይስኩል መጨረሻ። ሲያልፉት የሚቆም ነገር መሆኑን የነገረው አንድ ሰው የለም። በትምህርት ቤት ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል እኮ! ሦስት አስተዳደሮች፣ ስንት አስተማሪ፣ ስንት ስብሰባ፣ ስንት ወረቀት። ወረቀቱ ለወላጅ ይላካል፣ ለካውንስለር ይላካል፣ ለክልሉ ይላካል። ስለ እሱ ሁሉም ሲጻጻፍ ለእሱ የጻፈለት አልነበረም።

ቁጥሮቹን በሙሉ ፊቱ ዘረጋሁለት። እየደጋገመ አያቸው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ነገር «4.4 ካመጣሁ ባንድ ውስጥ ድራም መምታት እችላለሁ?» የሚል ነበር። እዚህ ልጆች በየሴሚስተሩ ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ የመሳሰሉትን ይመርጣሉ። የኢሶል ተማሪ ያንን ሰዓት ብዙ ጊዜ ለኢሶል ይሰጣል። እሱም ድራሙን ያጣው በዚሁ ነበር።

መናገሩ ቀላሉ ነው፤ ረዘም አድርጎ መመለስን በአጭር ጊዜ ለመደ። ግን ከጠቅላላው ውጤት መናገር 15 በመቶ ብቻ ነው፣ ማዳመጥም እንዲሁ። ማንበብና መጻፍ 35፣ 35 ይይዛሉ። እዚያ ላይ ያለው ክፍተት የማይክ ጉዳይ አልነበረም።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ሳይንስ ክፍል ገብቼ ከኋላ ስቀመጥ ነው። እንቁላል በተራ ውሃ ይሰምጣል፣ ጨው ሲጨመርበት ይንሳፈፋል። ልጁ ለጠረጴዛ ጓደኞቹ ሲያስረዳ ሰማሁት። ጨው ሲገባበት ውሃው ይጠነክራል፣ ያኔ እንቁላሉን መሸከም ይችላል አላቸው። ገብቶታል። ከዚያ ሪፖርት ጻፉ ተባለ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ይሄ ብቻ ነው፦ «ተንሳፈፈ፣ በዚያ ነገር ምክንያት።» በእንግሊዝኛ ነው እንግዲህ፤ በየትኛውም ቋንቋ ግን ያው ነው። ዴንሲቲ (እፍጋት) የሚለውን ቃል ሲሰማ ይረዳዋል፣ ራሱ አንስቶ አይጠቀምበትም። «ሲነጻጸር»፣ «በዚህም የተነሳ» የሚሉ ማያያዣዎች እጁ ላይ የሉም።

ጂም ከሚንስ የሚባሉ የካናዳ ምሁር ይህን ከአርባ ዓመት በፊት ለይተው አሳይተዋል። የጨዋታው ቋንቋ ሁለት ዓመት አካባቢ ይበቃዋል፣ የትምህርቱ ቋንቋ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል ይላሉ። ያውም በደንብ ካስተማሩት ነው። ልጃችን ደግሞ በኢሶል ሰዓት የሚቀመጠው ካቡልን፣ ሆንዱራስንና አዲስ አበባን ለቀው በቅርቡ ከመጡ ልጆች ጋር ነበር። እነሱ «ይህ መስኮት ነው» ይላሉ፤ እሱ ወረቀት ያድላል። ረዳት አስተማሪ ሆኖልናል እያልን እናሞግሰዋለን!

አዲስ የመጡትንና የከረሙትን በየክፍላቸው ለመለየት ትልቁ ጦርነት ከፕሮግራም አውጪዋ ጋር ነበር። ክፍል የለም፣ አስተማሪ የለም፣ ዓመቱ ተጀምሯል። ፕሪንሲፓሉ ዝርዝሩን ሲያይ ነው የለዘበው። ከገና እረፍት በኋላ ለከራሚዎቹ የራሳቸው ሰዓት ተሰጠ። እዚያ «መስኮት» የለም። ቀን ቀን ሳይንስና ታሪክ ክፍል የሚያነቡትን ራሱን ይዘን እንቀመጣለን። አንድ አንቀጽ አንብበው በቃል ይከራከሩበታል። የተናገሩትን እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ «ይሄ ነገር» የተባለውን ሁሉ በስሙ እየጠራን እናስተካክላለን። መጨረሻ ላይ ራሳቸው ይጽፉታል። የሳይንስ አስተማሪውም ሪፖርት ከማስጻፉ በፊት እያንዳንዱን ልጅ ሁለት ደቂቃ በቃል ማስረዳት አስጀመረ። ሌላ ተአምር አልሠራንም።

በ2023 ውጤቱ መጣ። ማዳመጥ 6፣ መናገር 4.4፣ ማንበብ 4.2፣ መጻፍ 3.8። በጠቅላላው 4.3።

አንድ ነጥብ እንኳ አይደለም፣ የነጥብ አንድ አስረኛ። እናቱ ስትሰማ «አይጨመርለትም?» አለችኝ። አይጨመርም። ልጁ ከእናቱ ይልቅ ቶሎ ተቀበለው፤ የመጻፉን ቁጥር በጣቱ እየነካ «የያዘችኝ እቺ ናት» አለ። ቀጣዩን ዓመት ከእቺው ጋር ከረመ። ስምንተኛ ክፍል እያለ፣ በ2024፣ 4.7 አመጣና ወጣ። ከወጣ በኋላም ቢያንስ ሁለት ዓመት ውጤቱ መታየት ስላለበት ፋይሉን ለሃይስኩሉ ባልደረባዬ በእጄ ነው የሰጠኋት።

እናትየውም አልተኛችም። ያቺን «እንዳትፈርሚ» ያለቻትን ጓደኛዋን ይዛት መጣች። የሴትየዋ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ እሱም እዚሁ የተወለደ። ገና ሳትቀመጥ «ድምሩን ተይው፣ አራቱን ቁጥር ለየብቻ አሳዪኝ ብለሽ ጠይቂ ብላኛለች» አለችኝ። አሳየኋት፤ የሷም ልጅ መጻፉ ላይ ነው የቆመው።

ድራሙንማ ተወው። ሃይስኩል ሲገባ የመረጠው የመኪና ጥገና ትምህርት ነው። እናቱ አሁን የምትደውልልኝ ያንን እንዳስቀይርላት ነው።