ከካላሃስቲ በኋላ የዘመድ ቤት የለም

ቪዛግ የተማረ ሐበሻ ይሄን ያውቀዋል። አከራዮችህ ደግ ሰዎች ከሆኑ በዓላቸውም፣ ለቅሷቸውም፣ ጉዟቸውም ያንተ ነው። መቅረት የለም። ቪዛግ የምንላት ቪሻካፓትናም ናት፤ በደቡብ ምሥራቅ ሕንድ፣ አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ ያለች የባሕር ዳር ከተማ። የአንድራ ዩኒቨርሲቲ ከአገራችን ለሦስተኛ ዲግሪ የተላኩ ብዙ መምህራንን አስተምሯል። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። የምኖረው የአገሩን ቋንቋ ቴሉጉን ከሚናገር አንድ ቤተሰብ በላይ፣ ፎቅ ላይ ነበር። ባልየውን አንክል፣ ሚስትየዋን አንቲ እላቸዋለሁ። የአንቲ እናትም አብረው ነበሩ። እሳቸውን ሁሉም አማማ ይላቸዋል፤ አያቴ እንደማለት።

ልጃቸው የአሜሪካ የሥራ ቪዛ ሲጠብቅ አንቲ ተሳሉ። ቪዛው ከወጣ ተራራ ላይ ወዳለው የቲሩማላ መቅደስ ወጥተው ፀጉር ሊያስላጩ። የራሳቸውን እንዳይመስላችሁ፤ የአንክልን። አማማ ደግሞ "እኔም አለሁበት" ብለው ነጭ ፀጉራቸውን ጨመሩበት። ቪዛው ወጣ። አንክል ለጥቂት ቀን መስታወት ፊት ትንሽ በዛ ያለ ጊዜ አጠፉ እንጂ ምንም አላሉም። ለቪዛ ብሎ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ የተሳለ ስንት ሰው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን የሚያስረዳኝ ሰው አላስፈለገኝም።

እኔ የተመደብኩት ኮምፒውተር ላይ ነው። ቲሩማላ ከቲሩፓቲ ከተማ በላይ፣ ሰባቱ ኮረብቶች ላይ ያለ፣ ቬንካቴሽዋራ የሚባለው የሂንዱዎች አምላክ መቅደስ ነው። በተራ ቀን እንኳ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይሳለማል። ነፃው ሰልፍ አለ፤ ግን ስንት ሰዓት እንደሚያቆምህ አይታወቅም። የ300 ሩፒው ትኬት ደግሞ ከወራት በፊት በኢንተርኔት ይለቀቃል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው የሚከፈተው፤ በእነሱ አቆጣጠር 10። ገጹ ተጨናንቆ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ አለቀ ይልሃል። አንቲ ከኋላዬ ቆመው ጸሎት ያደርሳሉ፣ እኔ የአማማን የመታወቂያ ቁጥር እጽፋለሁ። ለሦስት ሰው አገኘን። ለእኔ አልቆረጥኩም፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ትኬቱ ሲገኝ ቀሪው ቀላል መሰለኝ። ጎግል ማፕ ከፈትኩ። ቤተሰቡ ከቲሩማላ ሌላ ስሪካላሃስቲ፣ ባጭሩ ካላሃስቲ፣ የሚባለውንም መቅደስ መሳለም ይፈልጋል። ከቪዛግ በብሔራዊ መንገድ 16 ወደ ደቡብ ትወርዳለህ፤ ራጃማንድሪ፣ ቪጃያዋዳ፣ ኦንጎል፣ ኔሎር። ከዚያ ናይዱፔታ ላይ ወደ ቀኝ ትገነጠላለህ። መጀመሪያ የምታገኘው ካላሃስቲን ነው። ቲሩፓቲ ከሱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር አልፎ ነው። ከቪዛግ ቲሩፓቲ ድረስ ባጠቃላይ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ። እናም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ካላሃስቲን በመንገዳችን ተሳልመን፣ ቲሩፓቲ አድረን፣ ቲሩማላ ወጥተን፣ ስንመለስ ኦንጎል ያሉት የአንቲ እህት ቤት አድረን ቤታችን።

አንቲ ወረቀቱን አይተው ሳቁ። ከዚያ አማማን ጠሩ። አማማም አይተው ሳቁ።

ከካላሃስቲ በኋላ ሌላ መቅደስ አይኬድም። የሰው ቤትም አይገባም። ቀጥታ ወደ ቤት ነው። ካላሃስቲ ሰዎች ከራሁና ከኬቱ ጣጣ ለመላቀቅ የሚሄዱበት ቦታ ነው። ራሁና ኬቱ በሕንዶች ኮከብ ቆጠራ ፀሐይንና ጨረቃን የሚውጡ፣ ግርዶሽ የሚያመጡ ጥላዎች ናቸው። ሌሎች መቅደሶች በግርዶሽ ጊዜ በራቸውን ሲዘጉ ካላሃስቲ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ለምን ቀጥታ ቤት እንደሚኬድ ግን አንድ ቤት ውስጥ እንኳ አልተስማሙም። አንክል "እዚያ ከተደረገልህ በኋላ ሌላ በር ማንኳኳት አለማመን ነው" አሉ። አማማ ደግሞ ነገሩን ወደ ጓዳ አወረዱት፦ "ያራገፍከውን አቧራ ይዘህ ሰው ቤት ትገባለህ እንዴ?" እኔ የአማማ ይሻላል ባይ ነኝ።

እንግዲህ ካርታው ፊት ያስቀመጠውን ወደ መጨረሻ መውሰድ የግድ ሆነ። በካላሃስቲ ደጃፍ አልፈን፣ ሳንቆም ቲሩማላ። ከቲሩማላ ወደ ኋላ ተመልሰን ካላሃስቲ። ከዚያ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ያለ ዘመድ፣ ያለ መቅደስ፣ ቀጥታ ቪዛግ። ቪጃያዋዳ ላይ የካናካ ዱርጋ፣ ከዚያ ወዲህ የአናቫራም መቅደስ መንገድ ላይ አሉ። በመስኮት ማየት እንጂ መውረድ የለም።

ትልቁ ችግር እህትየዋ ናቸው። ስልኩ ላይ ምን እንደተባለ ቴሉጉ ባልሰማም ገባኝ። ስትሄዱ አንድ ሌሊት ብቻ? ስትመለሱስ ምን በደልኩ? አንቲ ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ያዙት። እህትየዋ ሕጉን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ግን እህት ናቸው። እኛ አገር ቢሆን ቁልቢ ደርሶ የተመለሰ ሰው ድሬዳዋ ጎራ ብሎ ገበያውን አዳርሶ፣ ዘመድ ቤት አድሮ ነው የሚመጣ። ይሄን ለአንቲ ስነግራቸው "የእናንተ ገብርኤል ደግ ነው" አሉ።

ቀጥሎ የመነሻ ሰዓት መጣ። በየቀኑ ራሁ ካላም የሚባል አንድ ሰዓት ተኩል አለ፤ ጉዞም ሆነ ሥራ አይጀመርበትም። ሰዓቱ ደግሞ እንደ ቀኑ ይለያያል። ሰኞ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:30 እስከ 3:00 ነው፤ ዓርብ ከ4:30 እስከ 6:00። የእኛ መነሻ ሰኞ ነበር። ሾፌሩ 2 ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎ ነበር፤ አንቲ 12 ሰዓት ላይ ደጅ እንዲገኝ አደረጉት። እውነት ለመናገር ራሁ ካላም ከከተማው ጭንቅንቅ አዳነን።

ሾፌሩም የራሱ ጥያቄ ነበረው። ከካላሃስቲ እስከ ቪዛግ ቀጥታ ማለት ከ12 ሰዓት በላይ መሪ መያዝ ነው። የት ነው የምተኛው አለ። ሆቴል ማደርስ ሰው ቤት እንደመግባት ነው ወይ? አንድ ምሽት ሙሉ ተከራከሩበት። አንቲ ነዳጅ ማደያ መቆም ይቻላል፣ ሻይ ይቻላል፣ ማደር ግን አይቻልም ብለው ወሰኑ። አንክል በዝምታ ስልክ አነሱና ሁለተኛ ሾፌር ቀጠሩ። ከዚህ ሁሉ ዕቅድ ብልሁ ውሳኔ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመነሻችን ጠዋት ሾፌሩ በአራቱም ጎማ ሥር አንዳንድ ሎሚ አስቀመጠ። ቦኔቱ ላይ ቀይ ዱቄት ቀባ። አንቲ የኮኮናት ፍሬ ድንጋይ ላይ ሰብረው ውኃውን መሬት ላይ አፈሰሱ። መኪናችን ኢኖቫዋ ወደፊት ስትል ሎሚዎቹ ተራ በተራ ጧ፣ ጧ እያሉ ፈረጡ። አማማ ቆጠሩ። አራቱም ፈርጠዋል፤ ሂድ አሉት።

መንገዱ ሰፊ ነው፣ ደህና ነው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ፋስታግ በየኬላው ራሱ ይከፍላል። ኦንጎል እንግድነቱ ምን እንደሚመስል አልዘረዝርም፤ ብላ፣ ብላ፣ ለምን አትበላም ነው። ሐበሻ ያውቀዋል። በማግስቱ ካላሃስቲ ስንደርስ ግን መኪናው ውስጥ ጸጥ አለ። ዋናው ግንብ በር ከሩቅ ታየ። አሮጌው፣ ንጉሥ ክሪሽናዴቫራያ በ1516 ያሠራው፣ በ2010 ተንዶ አሁን ያለው እንደ አዲስ የተሠራ ነው። አንቲ በመስኮቱ በኩል እጃቸውን አጋጠሙ። "መጣን፣ ቆይ፣ መጣን" አሉት፤ ደጅ ላይ ያገኙትን ጎረቤት ይቅርታ የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት።

ቲሩማላ መውጫው ግርጌ አሊፒሪ ላይ ሁሉም ይወርዳል። ሻንጣ በማሽን ያልፋል። ሥጋ፣ መጠጥ፣ ሲጋራ ወደ ተራራው አይገባም። መውጫና መውረጃው ለየብቻ ነው፤ አሮጌው በ1944 የተከፈተው መውረጃ ሆኗል፣ በ1974 የተጨመረው መውጫ። ኬላው ላይ ሰዓት ይመዘገባል። ሲወጣ ከ28 ደቂቃ፣ ሲወርድ ከ40 ደቂቃ ቀድሞ የደረሰ ሾፌር በፍጥነት ይጠየቃል። ዓባይ በረሃን ወርዶ የወጣ ሰው ኩርባው አያስደነግጠውም። ማስታወክ የሚቀናው ግን መድኃኒቱን ቀድሞ ይዋጥ።

መላጫው አዳራሽ ካልያናካታ ይባላል፤ ክፍያ የለውም። በር ላይ ቆሜ አየሁ። ያኔ ምላጭ ለሁለት ይሰበር ነበር፣ ግማሿ ለአንድ ሰው። መላጩ የአማማን ራስ ውኃ አራሰና ከመሃል ጀመረ። ሲጨርስ ቢጫ የሰንደል ቅባት ተቀቡ። አማማ ሴት ልጃቸውን ሳይሆን እኔን "እንዴት ነኝ?" አሉኝ። ያምርብዎታል አልኳቸው። ያምርባቸው ነበር። አንክል ላይ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። የሚላጨው ፀጉር በጨረታ ይሸጣል፤ ገቢው ለመቅደሱ ነው።

ውስጥ አልገባሁም። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ሊገባ ሲል በጌታ ቬንካቴሽዋራ አምናለሁ የሚል ቅጽ ይፈርማል። ብዙ እንግዳ እንደ ተራ ወረቀት ፈርሞ ይገባል። እኔ ማተብ አንገቴ ላይ አድርጌ መፈረም ከበደኝ፤ ለእነሱም ቢሆን ክብር አይሆንም። አንቲ ቀድመው ገብቷቸዋል፤ "የማያምኑበትን መፈረም ኃጢአቱ ከመቅረት ይብሳል" አሉኝ። ደግሞስ ውስጥ ስልክ አይገባም፣ ጫማም አይገባም። ያንን ሁሉ የሚጠብቅ ሰው አገኙ። ከመቅደሱ ኩሬ አጠገብ ተቀምጬ የቤተሰቡን ሀብት ጠበቅሁ። ሲወጡ ሦስቱም አንድ ነገር ነው የነገሩኝ። ለሰዓታት ተሰልፈህ ፊቱ ስትደርስ ረዳቶቹ "ጃሩጋንዲ፣ ጃሩጋንዲ" ይላሉ፤ እለፉ፣ እለፉ ነው። ያየኸው ጥቂት ሰከንድ ነው። አንክል "እኔ እግሩን ብቻ አየሁ" አሉ። አንቲ "እኔ ሙሉውን" አሉ፤ ክርክሩ እስከ ካላሃስቲ ቀጠለ።

ካላሃስቲ ላይ በጠዋት የራሁ ኬቱ ጸሎታቸውን አደረሱ። እኔ ከተማው ውስጥ በቀርከሃ ብዕር ጨርቅ ላይ የሚስሉትን የካላምካሪ ሠራተኞች ሳይ ቆየሁ። ለእናቴ አንድ ነጠላ የሚያህል ገዛሁ። ከዚያ በኋላ በእኔ ዕቅድ ወረቀት ላይ የቀረው አንድ መስመር ነው፦ ቤት።

ኦንጎልን ልናልፍ ስንል የአንቲ ስልክ ጮኸ። እህትየዋ ቤታቸው አይደሉም፤ መንገድ ዳር ናቸው፤ ከኬላው አለፍ ብሎ ካለው ማደያ ጎን። ስንደርስ ባለ ብዙ ድርብ የብረት ምሳ ዕቃ ይዘው ቆመዋል። መኪናው ውስጥ ፈጣን ጉባኤ ተደረገ። አማማ ፈረዱ፦ ቤት አልገባንም፣ መሬትም አንረግጥም፣ መስኮት ይከፈት። በአንዱ መስኮት የተምር ሂንድ ሩዝ ገባ፣ በሌላው ላዱ የሚባለው የቲሩማላ የበረከት ጣፋጭ ወጣ። እህትየዋ ላዱውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸውን ካስነኩ በኋላ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

"ይሄ ልጅ ውስጥ ገብቷል?"

"አልገባም" አሉ አንቲ።

"እንግዲያው እሱን ሕጉ አይመለከተውም። ውረድ፣ ቡና ጠጣ።"

አንቲ አሰቡ። አማማን አዩ። አማማ የተላጨ ራሳቸውን እያሻሹ ነቀነቁ። ወረድኩ። ከፔርሙስ የተቀዳ ቡና በወተት፣ በብረት ብርጭቆ፣ በጣም የሚጣፍጥ፣ በጣም የሚያቃጥል። ቤተሰቡ በየመስኮቱ ያየኛል። ሾፌሮቹ ሁለቱም ምራቃቸውን ይውጣሉ።

"ስኳሩ ልክ ነው?" አሉኝ አንክል ከመኪናው ውስጥ።

ልክ ነው አልኳቸው፤ ሁለተኛም ተቀዳልኝ።