የመክፈቻው ቀን

ዛሬ የቡድን የሸክላ ኤግዚቢሽናችን ተከፈተ። ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ አልቋል፤ ግን ደስ ብሎኛል።

አንዲት ሴትዮ መጡና ጎድጓዳ ሳህኔን ከማንሳታቸው ገለበጡት። ልባስ (እሳት ሲያገኘው እንደ መስታወት የሚሆነው ቅብ) ያልነካውን፣ ሻከር ያለውን ቂጡን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ሸክላ ሠሪ መሆናቸው ወዲያው ገባኝ። ሌላው ሰው ቀለም ነው የሚያየው። "ስንት ዲግሪ ላይ ተኮስሽው?" አሉኝ። "1240" አልኩ። ከዚያማ ወሬያችን ደራ! ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ከ10 በመቶ በላይ ሊያንስ ስለሚችል፣ ልክክ እንዲል ክዳንን ከነማሰሮው መተኮስ እንደሚሻል ነገሩኝ። ምንም ሳይገዙ ሄዱ፤ እኔ ግን እንደ እሳቸው ያተረፈኝ የለም።

ሁለት ሥራ ተሸጦልኛል። (አትቋምጡ፣ ብዙ ጋለሪዎች ከሽያጩ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይቆርጣሉ። ዋጋ ሲወጣ ይሄ ካልታሰበ ለእሳቱም አይተርፍም።)

ትልቁን ማሰሮ የጠየቀኝ ሰው ነበር። እስከ መዝጊያው ቀን ከቦታው አይነሳም አልኩት። ለሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ሳመለክት መራጮቹ መጀመሪያ የሚያዩት ፎቶ ነው፤ ማሰሮውን ደግሞ ገና በደንብ ፎቶ አላነሳሁትም። ነገ በጠዋት፣ ሰው ሳይገባ፣ ካሜራ ይዤ እሄዳለሁ።