«ይህ ኤ የእውነት ነው?»

ታኅሣሥ 6 ቀን፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ

የመንፈቅ ዓመቱን የመጨረሻ ጽሑፎች አርሜ ሳልጨርስ ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ የጠየቀችኝ ጥያቄ አላሠራ ስላለኝ ነው። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው፤ አባቷ ታክሲ ይነዳል፣ እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። እርሷ ደግሞ እኔ የኢኮኖሚ ታሪክ በማስተምርበት፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ካሉት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ቢሮዬ ገብታ ኤ ያገኘችበትን ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይህ ኤ የእውነት ነው?» አለችኝ።

የእውነት ነበር። የጻፈችው ስለ ማሪያ ቴሬዛ ብር ነው፦ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ሲመታ የኖረው ያ ጠገራ ብር፣ በቀይ ባሕር ዳርቻና በእኛ ገበያዎች ያን ያህል ዘመን እንዴት ሊታመን እንደቻለ። ነጋዴው በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ፈርጦችና የትከሻዋን ጌጥ እያየ ብሩን እንደሚመረምር ስታስረዳ፣ አመኔታ ከስም ሳይሆን ከምርመራ እንደሚመጣ አሳይታለች። እኔ በእርሷ ዕድሜ እንዲህ አድርጌ መጻፍ አልችልም ነበር። «የእውነት ነው ልጄ» አልኳት። አመሰገነችኝ፤ ነገር ግን ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ አጠገቧ ከተቀመጡት ልጆች አብዛኞቹ ያንኑ ፊደል ይዘው ስለወጡ እንድታምነኝ የሚያደርጋት ምንም ነገር በእጇ አልነበረም።

የውጤት ግሽበት የሚባለው ነገር፣ ማለትም ከፍተኛ ውጤት ለብዙዎች እየተሰጠ ዋጋ ማጣቱ፣ በእኔ ክፍል ብቻ የታየ አይደለም። በሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር በመምህራን ስብሰባ ላይ ጠይቀው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ዲኑ መካከለኛው ውጤት ኤ ማይነስ፣ በብዛት የሚሰጠው ደግሞ ኤ መሆኑን በይፋ ተናገሩ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ከተሰጡት ውጤቶች 60 በመቶ ያህሉ ኤ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከሃያ ዓመት በፊት ሩብ ያህል ብቻ ነበሩ። በዬል በ2022–23 የትምህርት ዘመን 79 በመቶ የሚጠጋው ውጤት ኤ ወይም ኤ ማይነስ ነበር። ስሞታው ግን አዲስ አይደለም፤ የሃርቫርድ አንድ ኮሚቴ ኤ እና ቢ አንዳንድ ጊዜ እንደዋዛ እንደሚሰጡ የጻፈው በ1894 ነው።

ግሽበት የሚለው ቃል ከገበያ የተወሰደ ቢሆንም፣ በትምህርት ቤት የሚሆነው ከገበያው የከፋ ይመስለኛል። ገንዘብ ሲረክስ ዋጋው ሁሉ ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ፣ በአንድ ኪሎ ጤፍና በአንድ ኪሎ ቅቤ መካከል ያለው ልዩነት አይጠፋም። ኤ ግን ጣሪያ አለው። ከታች ያለው ሁሉ ወደ ላይ ሲገፋ፣ ከላይ ያለው የሚሄድበት ስለሌለው፣ ጤፉም ቅቤውም በአንድ ዋጋ ተለጥፈው ይገኛሉ።

በዚህ ነገር እጄ ንጹሕ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የዓመት ኮንትራት ይዤ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር፣ አንድ ተማሪ አንባቢውን የትም የማያደርስ፣ በትልልቅ ቃላት የተሞላ ጽሑፍ አስረከበኝ። ቢ ፕላስ ሰጠሁት፤ በውስጤ ያም በዝቶበት ነበር። ተማሪው አቤቱታ አቀረበ፣ ወላጆቹም ስልክ ደወሉ፤ ኮርሱን በበላይነት የሚመሩት ባልደረባ ጠርተውኝ፣ እዚህ ቤት ቢ ፕላስ ማለት ቅጣት እንደሆነ፣ የልጁንም የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻ እንደሚያበላሽ በትሕትና አስረዱኝ። ተማሪዎች መምህሩን የሚገመግሙበት ቅጽ የሚሞላው በዚያው ሳምንት ነበር፤ ኮንትራቴ የሚታደሰውም ያ ቅጽ ታይቶ ነው። ውጤቱን ወደ ኤ ማይነስ ቀየርኩት። ያን ቀን ማንንም የበደልኩ አልመሰለኝም ነበር፤ አንድ ልጅ ደስ አለው፣ እኔም ሥራዬን አላጣሁም። የበደልኩት ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ኤ ማይነሱን ሠርቶ ያገኘው፣ ስሙን እንኳ የማላስታውሰው ተማሪ ነበር።

ሆኖም አገር ቤት የተማርኩበትን ሥርዓት መመለስ አልመኝም። የእኛ ውጤት በመታወቂያ ቁጥር ተዘርዝሮ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ጣታችንን በወረቀቱ ላይ እያንሸራተትን ቁጥራችንን ስንፈልግ እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። መምህሩ የክፍሉን ተማሪ በሙሉ በከርቭ፣ ማለትም እርስ በርስ እያወዳደረ፣ ስለሚደለድል፣ ጎበዞች በበዙበት ክፍል ጎበዝ መሆን ብቻውን አያድንም። በመጀመሪያው ዓመት ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ይተኛ የነበረ ልጅ፣ ሌሊት ሌሊት በኮሪደር መብራት ሲያጠና የነበረ፣ በጥቂት ነጥብ ጎድሎበት ተባረረ፤ ሻንጣውን በገመድ ሲያስር አይቼው አንድም ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ። ያንን ያየ ሰው፣ ጥብቅነት በራሱ ፍትሕ ነው ብሎ ሊናገር አይችልም።

ግሽበቱን ለማቆም የሞከሩትም ቀላል ሆኖ አላገኙትም። ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. በ2004 በየትምህርት ክፍሉ ከሚሰጡት ውጤቶች በኤ ደረጃ ያሉት ከ35 በመቶ እንዳይበልጡ ግብ አስቀመጠ፤ ተማሪዎቹ ግን ግቡን እንደ ኮታ አዩት፣ ጭንቀትና ፉክክርም በዛ፤ በ2014 ተወው። ኮርኔል የየኮርሱን መካከለኛ ውጤት በይፋ ማውጣት የጀመረው ሰው ሁሉ ደረጃውን በእውነተኛ መልኩ እንዲያውቅ ነበር፤ ተማሪዎች ግን መረጃውን ይዘው ወደሚቀለው ኮርስ ጎረፉ። ከሁሉ ያስጨነቀኝ የዌልስሊ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በ2004 የብዙ ኮርሶቹ አማካይ ውጤት ከቢ ፕላስ እንዳይበልጥ ደነገገ፤ ሦስት የኢኮኖሚክስ ምሁራን በኋላ ሲያጠኑት፣ ደንቡ በነካቸው የትምህርት ክፍሎች ተማሪ መቀነሱን፣ መምህራኑ በተማሪዎቻቸው ዘንድ ዝቅ ብለው መገምገማቸውን፣ በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች ውጤት መካከል ያለውም ልዩነት መስፋቱን አገኙ። ይህን የመጨረሻውን ሳነብ መጽሔቱን አጥፌ ብዙ ቆየሁ፤ እኔ እንደ መድኃኒት የማስበው ነገር የእኛኑ ልጆች ቀድሞ ሊጎዳ ይችላልና።

ይህን ሁሉ አይቼም አሳቤ አልተቀየረም። ፊደሉ ምንም የማይናገር ሲሆን፣ ቀጣሪውና የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ መምረጣቸውን አያቆሙም፤ በሌላ ነገር ይመርጣሉ። ያ ሌላ ነገር አባት ለጓደኛው ስልክ ደውሎ የሚያገኘው የክረምት ሥራ ልምምድ ነው፣ ያለ ደመወዝ ለሦስት ወር ኒውዮርክ መቀመጥ መቻል ነው፣ እራት ግብዣ ላይ የተዋወቁት መምህር የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። የታክሲ ነጂ ልጅ ከእነዚህ አንዱም የላትም። ለእርሷ የሚመሰክርላት ያ ወረቀት ብቻ ነበር፤ እኛ ግን ለሁሉም ያንኑ ምስክርነት ሰጥተን ቃሉን ዋጋ አሳጣነው። ባለጸጋው ልጅ በግሽበቱ የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው፤ እርሷ ግን ያላትን ሁሉ ታጣለች።

ሃርቪ ማንስፊልድ፣ በዚያ የሃርቫርድ ስብሰባ ላይ ጥያቄውን ያነሡት ፕሮፌሰር፣ ከ2001 ጀምሮ ለተማሪዎቻቸው ሁለት ውጤት ይሰጡ ነበር፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት፣ ሌላውን፣ በእውነት የሚገባውን፣ ለተማሪው ብቻ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ወስዶት እንደነበር አውቃለሁ፤ በብዙ አመለካከታቸውም አልስማማም፤ ዛሬ ግን ያ ሁለተኛ ውጤት የተማሪዬ ጥያቄ መልስ ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጽሑፏን እንደገና አንብቤ ሦስት ገጽ ጻፍኩላት። የትኛው አንቀጽ ከእኔም እውቀት እንደሚያልፍ፣ በየትኛው ላይ ማስረጃው እንደሳሳ፣ የምጽዋን ንግድ የሚመለከተው ክፍል ለምን እንደገና መጻፍ እንዳለበት፣ ነገር በነገር ዘረዘርኩ። ስትቀበለኝ ቆማ አነበበችውና፣ ስለ ምጽዋው ክፍል ተከራከረችኝ። ኤውን ያመነችው ያኔ ይመስለኛል።

አሁን ከፊቴ 38 ጽሑፎች አሉ፤ የመዝገቡ ማስረከቢያ ነገ ማታ ይዘጋል። ሃያ ሦስተኛው ላይ ቢ ፕላስ ጽፌ፣ ምክንያቱን በአንድ ገጽ ተኩል አብራርቻለሁ። የልጁ አቤቱታ ከሰኞ በፊት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ የዚያንም ገጽ ቅጂ አስቀርቼለታለሁ። አሥራ አምስት ይቀሩኛል።